እራት ሲቀርብ የሚለቅ ጌም

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዝናቡም አብሮ ገባ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ሥራው ፊልድ ስለሆነ በወር አንዴ ቢገኝ ነው። እኔ ፋርማሲ እሠራለሁ፤ ቤት የምገባው ብዙ ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። ቀኑን ቤት የሚውሉት የአሥር ዓመቷ ሚሚ፣ የስድስት ዓመቱ ባቢ እና ከደሴ መጥተው አብረውን የከረሙት አባቴ ናቸው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት መነጽራቸውን አውልቀው የሚተኙ ሰው ናቸው። ልጆቹ ስልክ ይወዳሉ። የቀረውን መገመት አያቅትም።

ያለፈውን ክረምት ያሳለፍነው ባቢ አንድ የሩጫ ጌም ላይ ተጣብቆ ነው። ሰውዬው ይሮጣል፣ ሳንቲም ይለቅማል፣ ይወድቃል፣ ተነሥቶ እንደገና ይሮጣል። ማለቂያ የለውም። «እራት ቀርቧል» ስል ስልኩን ከእጁ መንጠቅ ነበረብኝ፤ ስነጥቀው ጩኸቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን የታች ጎረቤቴ «ልጁን ምን አደረግሽው?» ብላ መጣች። ከዚያ ቀን በኋላ አፈርኩ።

ዘንድሮ ታዲያ አንድ መለኪያ ይዤ ተነሣሁ። የጌሙ ሥዕል ያምራል አያምርም፣ ስንት ሰው አውርዶታል፣ ላዩ ላይ «ለአእምሮ እድገት» ይላል አይልም የሚለውን ተውኩት። እራት ሲቀርብ ልጄን ይለቅልኛል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነበር። ሁለት ወር ተኩል እየሞከርን ከረምን፣ ያገኘሁትን ልጻፍላችሁ።

«ለአእምሮ» የሚለውን ጽሑፍ የተውኩት ሥራዬ ስላስተማረኝ ነው። መደርደሪያዬ ላይ «ያድሳል፣ ያነቃቃል፣ ያጠነክራል» የሚል ካርቶን ስንቱን አይቻለሁ። በጌሙም ዓለም ያው ነው። ሉሞሲቲ የሚባለው የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ ጌሙ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የማስታወስ ችግርን ይከላከላል እያለ በቂ ማስረጃ ሳይኖረው በማስተዋወቁ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ሲስማማ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እና ሱዶኩ የሠራ ልጅ ሒሳብ ይደፍናል ብዬ አልነግራችሁም። እንቆቅልሽ የሠራ ልጅ እንቆቅልሽ መሥራት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው።

የጀመርነው በሱዶኩ ነበር፣ ለአባዬ ብዬ። አባዬ ሱዶኩን ከጋዜጣ ላይ ያውቁታል፤ እስክሪብቶ ይዘው ነው የሚሠሩት፣ እርሳስ «የፈሪ ነው» ይላሉ። ስሙ ጃፓንኛ ቢሆንም ጨዋታው በዛሬው መልኩ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ሃዋርድ ጋርንስ የሚባል ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነው ያዘጋጀው። ጃፓኖቹ በ1984 ወስደው ስም አወጡለት። ይህን ስነግራቸው አባዬ «ጡረታ የወጣ» የምትለውን ብቻ ይዘው ቀሩ። ለሚሚ ሦስቴ ደገሙላት።

ስሙን የማልጠራው አንድ ነፃ የሱዶኩ አፕ አወረድኩላቸው። ነፃ! የመጀመሪያው ሰሌዳ ሲያልቅ የሠላሳ ሴኮንድ ማስታወቂያ መጣ። ሁለተኛው ላይ አባዬ አንድ ቁጥር ሲሳሳቱ ከሦስት ልብ አንዷ ጠፋች፤ ሦስቱም ሲያልቁ «ቪዲዮ ይመልከቱና ይቀጥሉ» አላቸው። ቪዲዮው የውርርድ ነበር፤ ጎል ገባ፣ ብር ዘነበ፣ አንዱ ሰውዬ ጮኸ። አባዬ መዝጊያዋን ኤክስ ሲፈልጉ ጣታቸው ስቶ ሌላ አፕ ማውረጃ ውስጥ ገቡ። ማታ ስገባ ስልኩን ፊት ለፊቴ አስቀመጡና «ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ። ማስታወቂያውን ለማጥፋት ደግሞ በዶላር ክፈሉ ይላል፤ ለሱዶኩ ብዬ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ላውጣ? ሰረዝኩት። በማግስቱ ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሦስተኛም፤ ልቧ ኮከብ ትሆናለች እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ጨዋታው እንቆቅልሽ ነው፣ ዙሪያው ግን ያው የሩጫው ጌም ነው።

እዚህ ላይ ልተወው ነበር። ያዳነኝ የፋርማሲያችን የሲስተም ልጅ ነው። «እህቴ፣ የሳይመን ታተምን አውርጂ» አለኝና ሄደ።

ሳይመን ታተም እንግሊዛዊ ፕሮግራመር ነው። ኮምፒውተር የሚነካኩ ሰዎች ፑቲ በምትባለው ሶፍትዌሩ ያውቁታል አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ትንንሽ እንቆቅልሾች እየጻፈ በአንድ ከረጢት ያስቀምጣል፤ አሁን 40 ያህል ደርሰዋል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ ልብ የለም፣ ሳንቲም የለም። በብሮውዘር ይሠራል፤ የአንድሮይዱ አፕ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፣ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ጥቅሌ ሳያልቅ ሁለት ሳምንት መክረሙን ያየሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ስከፍተው ግን ደነገጥኩ፣ ከውበት ማነስ። ግራጫ ነው። ድምፅ የለውም። ባቢ አንዴ አየውና «እማዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከመሥሪያ ቤት ፎርም ጋር ነው የሚመሳሰለው። ስሞቹም መመሪያዎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው፤ መመሪያው ደግሞ እንደ ሒሳብ መጽሐፍ አጭርና ደረቅ ነው። ለትንንሽ ልጅ ሰጥቶ ወደ ሥራ መሄድ አይቻልም፣ አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማስጀመር አለበት። ይህ ጉድለት ነው ወይስ ጥቅም የሚለውን እናንተ ፍረዱ፤ እኛ ቤት አስጀማሪ አልጠፋም።

ባቢን የያዘው ኔት የሚባለው ነው። ሰሌዳው ላይ የተቆራረጡ የሽቦ ቁራጮች በየካሬው ተበታትነው አሉ። መሐል ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ፣ መብራቱ የሚመነጨው ከዚያ ነው። ቁራጮቹን በጣት ነካ እያደረጉ ማዞር ነው፤ ከመሐሉ ጋር የተገናኘው ሽቦ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፣ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ሳጥኖችም ተራ በተራ ይበራሉ። ሁሉም ሲበሩ አለቀ።

አንድ ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አብርቼ ሽሮ እየሠራሁ ነው። ባቢ ሶፋው ጥግ ላይ አምስት በአምስቱን ሰሌዳ ይዞ ፊቱ ብቻ ይታየኛል፤ ምላሱን ወጣ አድርጎ ያዞራል፣ ይመልሳል። አባዬ ከጎኑ ሆነው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ መንካት እንዳይመጣባቸው ነው። «ከዳር ጀምር። ዳር ላይ ያለ ሽቦ ወደ ግድግዳ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ምርጫው ጥቂት ነው» አሉት። ባቢ ዳር ዳሩን ሠራ፣ ወደ መሐል ገባ፣ ከዚያ ሙሉ ሰሌዳው ሰማያዊ ሲሆን «መብራት መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከታች ያለችው ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «የታለ?» አለች። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እኔ የምፈልገው ነገርም ያኔ ተሟላ፤ «በል ና እራት» ስለው ስልኩን ሶፋው ላይ ትቶ መጣ። አልቋላ! አዲስ ሰሌዳ ለመጀመር ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ጌሙ በራሱ አይጀምርለትም፣ «ነገ ከመጣህ ስጦታ አለህ» አይለውም። መሐል ላይ የጠራሁት ቀንም «ይችን ልጨርስ» ይላል፣ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ይጨርሳል። ያንን ሦስት ደቂቃ መስጠት ተምሬያለሁ። አዋቂም ቢሆን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ሲነጥቁት ይናደዳል።

ሚሚ የወደደችው ማፕ የሚባለውን ነው። ባዶ ካርታ ይሰጣል፤ ጥቂቱ አገር ቀለም ተቀብቷል፣ የቀረውን በአራት ቀለም ብቻ ትሞያለሽ፣ ድንበር የሚጋሩ ሁለቱ አንድ ቀለም እንዳይሆኑ። አባዬ ይህን ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማንኛውም ጠፍጣፋ ካርታ በአራት ቀለም እንደሚበቃው ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠረጥሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አፔልና ሃከን የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች በኮምፒውተር ታግዘው አረጋገጡት። «ያኔ ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ማሽን ያረጋገጠውን ሰው አንብቦ ካልጨረሰው ምኑ ማረጋገጫ ነው ብሎ» አሉ አባዬ፣ ትናንት የሆነ ይመስል። በማግስቱ ከሚሚ የማኅበራዊ ሳይንስ ደብተር ላይ የአፍሪካን ካርታ አስገለበጧትና አራት እርሳስ ሰጧት። ግማሽ ቀን ወሰደባት። ካቢንዳ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የአንጎላ ናት፣ ግን ኮንጎ መሐል ገብታ ለብቻዋ ነጥላታለች። የአንጎላን ቀለም ትቀባ ወይስ ሌላ? አባዬ ተደሰቱ። «ደንቡ የሚሠራው አገሩ አንድ ወጥ ሲሆን ነው፤ ተነጥላ የቀረችውን እንደ ሌላ አገር ቁጠሪያት» አሏት። ካርታው አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። ስልኩ ያን ቀን ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ዋለ።

ከአርባው ውስጥ ለእኛ የሆኑት ስምንት ቢሆኑ ነው፤ የተቀሩት ወይ ከበዱን ወይ ሰለቹን። ሶሎ የሚለው ሱዶኩው ነው፣ አባዬ ያለ ውርርድ ማስታወቂያ የሚሠሩት። አንታንግል የተወሳሰቡ ክሮችን መፍታት ነው፤ አንዱ ክር ሌላውን እንዳያቋርጥ ነጥቦቹን እየጎተቱ ማስተካከል። ባቢ «የአክስቴ ሹራብ» ብሎታል። ማይንስ ድሮ ኮምፒውተር ላይ የምናውቀው የፈንጂው ጨዋታ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ የመጀመሪያው ንክኪ አይፈነዳም፣ ከዚያ በኋላም ሳይገምቱ በማሰብ ብቻ እስከ መጨረሻው መሄድ ይቻላል፤ ሰሌዳውን ሲያወጣ ራሱ ፈትቶ አይቶት ነው የሚሰጠው። በወጣትነቴ መሥሪያ ቤት ስንቴ በግምት እንደፈነዳሁ ሳስበው ተበሳጨሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚህ ልውጣ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር ሌላ ስልክ ላይ ብታስገቡት ያው ሰሌዳ ይመጣል። የራስን ቁጥር መጻፍም ይቻላል፤ አባዬ ሥራ የተቀጠሩበትን ዓመት አስገብተው በወጣው ሱዶኩ ከሚሚ ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር፣ አንዱ በእኔ ስልክ፣ አንዱ በታብሌቱ። ሁለት ሰው አንድ እንቆቅልሽ ላይ ሲቀመጥ ቤቱ እንዴት ዝም እንደሚል!

ሁለተኛው ምርጫችን ሰንጠረዥ ነው፣ ቼዝ የሚባለው፣ ሊቼስ በሚባል ድረ ገጽና አፕ ላይ። ሊቼስን እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ቲቦ ዱፕሌሲ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮግራመር ነው፤ ዛሬ በእርዳታ የሚተዳደር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ተከፍሎ የሚከፈት ክፍልም የለውም። እኛ የተጠቀምነው ከሰው ጋር የሚጫወቱበትን ሳይሆን የእንቆቅልሹን ክፍል ነው። ሰዎች በእውነት ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች ውስጥ አንድ ወሳኝ ቦታ ተቆርጦ ይቀርባል፤ ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ፈልጊ ነው ሥራው። ሚሊዮኖች አሉ፤ በዓይነትም ተለይተዋል፦ በአንድ እንቅስቃሴ ማት (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ጨዋታውን መጨረስ)፣ በሁለት ማት፣ ሁለት ነገር በአንዴ መያዝ እያለ።

አባዬ በቆርኪ በሚጫወቱት ዳማ ነው ያደጉት፤ ሰንጠረዥ ግን አያውቁም ነበር። ያስተማረቻቸው ሚሚ ናት። ፈረሱ የሚዘልበት መንገድ ሁለት ቀን ፈጀ። «መብላት ግዴታ አይደለም?» ብለው ሲጠይቁ ሚሚ ሳቀች፣ እሳቸውም ተቆጡ፣ ከዚያ አብረው ሳቁ። አንድ ከሰዓት ሁለቱም አንድ ሰሌዳ ላይ አፍጥጠው አገኘኋቸው። ነጭ ይጀምራል። ሚሚ በንግሥቷ መብላት ፈለገች፣ ስህተት ተባለች። እንደገና ሞከረች፣ ስህተት። አባዬ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ሳያሳርፉ ፈረሱ የሚደርስባቸውን ቦታዎች በአየር ላይ ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራተኛው ላይ ቆሙ። ፈረሱ እዚያ ቢያርፍ ንጉሡን ይነካል፣ ንግሥቲቱንም ይነካል። ንጉሡ ይሸሻል፣ ንግሥቲቱ ትበላለች። «ሁለት ወፍ...» ብለው ጀመሩና ተዉት፣ «ያው ይቺ ፈረስ ሁለት ቤት የገባች ሌባ ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ፈረስ «ሌባዋ» ናት።

ወላጅ ሆኜ ሁለት ነገር ወደድኩለት። አንደኛ፣ የልጆች የሚባል ማብሪያ አለው፤ ሲበራ መልእክቱም ውይይቱም ሁሉ ይጠፋል፣ ልጅቷን የማያውቁት ሰው አይጽፍላትም። ሁለተኛ፣ አፑ ጥቂት እንቆቅልሽ አስቀድሞ ስለሚያወርድ ኔትወርክ ቢጠፋም አይቆምም።

ያልወደድኩት ነጥቡን ነው። አካውንት ከፍታችሁ ስትጀምሩ 1500 ይሰጣችኋል፤ ጀማሪ ከሆናችሁ በተሳሳታችሁ ቁጥር ይወርዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ ቁልቁል ነው የሚወረወረው። ሚሚ በሁለት ቀን 1100 ገብታ ተደብቃ አለቀሰች። «ደደብ ሆንኩ» አለችኝ። ቁጥሩ የእሷ ማርክ እንዳልሆነ፣ ልኳን እየፈለገላት እንደሆነ ብነግራትም አልገባትም። በኋላ ያለ ነጥብ የሚጫወቱበትን አገኘሁ፤ ማጥፊያዋ እዚያው ሰሌዳው አጠገብ ናት። አጠፋኋት፣ ልቅሶውም ጠፋ። ለልጅ ስትሰጡ መጀመሪያ ያንን አጥፉ። የሦስት ደቂቃ ሩጫ ያለው ስቶርም የሚባል ክፍልም አለው፤ እሱ ከእራት በፊት አይከፈት፣ ልብ ያስመታል፣ «አንዴ ብቻ» ያስብላል። እኔው ነኝ የምላችሁ።

ስለራሴ ካነሣሁ፣ በመለኪያዬ የወደቀውንም ልናዘዝ። 2048። አንድ ወጣት ጣሊያናዊ፣ ጋብሪዬሌ ቺሩሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጽፎ ነፃ የለቀቀው ነው። ተመሳሳይ ቁጥሮችን እያጋጩ መደመር ነው፤ 2 እና 2፣ 4 እና 4፣ እያለ 2048 እስኪደርስ። ለሚሚ የሁለትን እጥፍ እጥፍ፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ፣ በቃሏ አስያዛት፣ ይህን አልክድም። እኔ ግን ተረኛ በሆንኩ ቀን ደንበኛ ሲጠፋ ከፍቼ፣ 2048 ከደረስኩ በኋላ «ይቀጥሉ?» ሲለኝ ቀጠልኩ። አንዲት እናት የሐኪም ማዘዣ ይዛ ፊቴ ቆማ ሳላያት ቀረሁ። አላለቀማ! የማያልቅ ጌም አዋቂም አይለቅም። ከስልኬ አወጣሁት።

በመለኪያዬ አንደኛ የወጣው ደግሞ ዎርድል ነው፣ በነፃ የሚሰጠው በቀን አንድ ብቻ ስለሆነ። ጆሽ ዋርድል ለፍቅር ጓደኛው ብሎ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቅምት ለሕዝብ ከፈተው፤ ኅዳር መባቻ ላይ 90 ተጫዋች ነበረው፣ ጥር መግቢያ ላይ 300,000፤ በዚያው ጥር ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ ማግኘት ነው። ነገር ግን ለእኛ ቤት አልሆነም። የሚሚ እንግሊዝኛ ገና ነው፣ አጻጻፉም የአሜሪካ ነው፤ መምህሯ ያስተማራት ሌላ፣ ጌሙ የሚቀበለው ሌላ። ተናደደች።

በዚህ መሐል ሚሚ «በአማርኛ እንሥራው» አለች፣ ወረቀት ላይ። ቀላል መስሎን ነበር። የእንግሊዝኛው ፊደል 26 ነው፤ የእኛ 33 በ7፣ ዲቃሎቹን ትተን 231። አባዬ ቁጥሯን ጻፉና «በዚህ ዓይነት በስድስት ሙከራ ማንም አያገኝም» አሉ። እውነትም አልተገኘም፤ አንዱ ሲገምት ሁሉም ፊደል ስህተት ይሆናል። ከዚያ ሚሚ ራሷ ደንብ አወጣች፦ ፊደሉም ቦታውም ልክ ከሆነ ክብ፤ ቦታው ልክ ሆኖ ፊደሉ የዚያው ዘር ግን ሌላ ቤት ከሆነ፣ «ገ» ሲሆን «ጎ» ቢሆን ማለት ነው፣ ግማሽ ክብ።

የመጀመሪያዋን ቃል የደበቁት አባዬ ናቸው፣ ባለ ሦስት ፊደል። ሚሚ «ጉማሬ» አለች፤ ጉ ግማሽ፣ ማ ግማሽ፣ ሬ ምንም። «ገመድ» አለች፤ ገ አሁንም ግማሽ፣ መ ሙሉ ክብ! ድ ምንም። ወረቀቱ ላይ ገ ጉ ጊ ጋ ጌ ግ ጎ ጻፈችና ገን እና ጉን ሰረዘች። አምስት ቀሩ። እርሳሷን ነከሰች። እኔ አውቄዋለሁ፣ አፌን በእጄ ይዤአለሁ። ባቢ ማንበብ ገና እየጀመረ ነው፣ ወደ ማዕድ ቤት አየና «ጎመን ሸተተኝ» አለ። ጎመን ነበር። ሚሚ ወንድሟን ልትገድለው ደረሰች።

እንዲህ ያለ ደንብ ያለው የአማርኛ ጌም ስልኬ ላይ ቢኖር ብር እከፍልበታለሁ፤ በቴሌብር ይሁን ብቻ። የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ ደንቡን ከሚሚ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ለመምረጥ የቸኮለ ካለ፦ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለ ልጅ ኔት፣ ሰሌዳው አምስት በአምስት ሆኖ፤ ከዚያ በላይ ላለ ማፕና ሊቼስ፣ ነጥቡ ጠፍቶ፤ ለአዋቂ ሶሎና ማይንስ። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አልሞከርኩም፣ አልሞክርምም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያም ቢያጥር ይመረጣል ብሏል፤ ያችን ሰዓት ለካርቱን ይጠቀሙባት። እኛ ቤት ያለው ደንብ በሰዓት ሳይሆን በሰሌዳ ነው፤ ባቢ አራት፣ ሚሚ ስድስት። አንድ ቀን ሚሚ አንዷን ከባድ ሰሌዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዛ ቆየች። ደንቡን አላፈረሰችም፤ ምንም አላልኳትም።

መስከረም ገባና አባዬ ወደ ደሴ ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት አፑን ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፣ ፊደሉንም ትልቅ አደረግኩት። ባለፈው ዓርብ ማታ ደውለው ሚሚን አቅርቢልኝ አሉ። ስፒከር ላይ አደረግኳቸው። የሰሌዳውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡላት፣ እሷ ጻፈች፣ ሁለቱም ጀመሩ፤ ስልኩ ክፍት ሆኖ ለሃያ ደቂቃ ያህል የሚሰማው የአባዬ ሳል ብቻ ነው። የአየር ሰዓቱ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቀድመው የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

«በይ አገር ስጪኝ!» አሉ፣ እንቆቅልሽ ያቃተው እንደሚባለው።

«ደሴን ሰጠሁዎት፣ አባባ።»

«ደሴማ የራሴ ናት፣ ያለሁባትን ትሰጪኛለሽ? ሌላ ስጪኝ!»

ሚሚ ፍሪጁን ዞራ አየችና «ካቢንዳን» አለች።